ሽማግሌ የማይላክበት ጦርነት

ንጉሥ በነበርኩበት ዘመን ዙፋኔ አንድ እግሩ በሲባጎ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። ግዛቴም ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚገኘው። ሱቋ ጌም ቤት ናት። ኳስ የሚጫወቱት ከፊት ለፊት ቴሌቪዥኖቹ ጋ ይንጫጫሉ፤ እኛ ራሳችንን የምናከብር ሰዎች ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በሽቦ በተያያዙት ኮምፒውተሮች ላይ ተቀምጠን አገር እናስተዳድራለን። ጨዋታው የድሮ ዘመን የፈረንጅ ጦርነት ነው። ገበሬ ታሰማራለህ፣ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ድንጋይ ታስፈልጣለህ፣ ግንብ ታስገነባለህ፤ ከዚያ ሌላ ንጉሥ መጥቶ ያፈርስልሃል። ቀን ቀን ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ መጥሪያ እቆርጥ ነበር። የሰው ሠርግ ስቆርጥ ውዬ ከሥራ ስወጣ ዘውዴን እደፋለሁ።

የጌም ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ማዘር ነበር የምንላቸው። ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። ኮምፒውተሮቹን የገዛው ልጃቸው ነው፤ ሐዋሳ ሥራ ሲያገኝ ከነሽቦዎቻቸው ጥሎላቸው ሄደ። ማዘር ስለ ጨዋታው ማወቅ አይፈልጉም። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ትልልቅ ወንዶች እንደዚያ የሚጮኹበት ምክንያት ሁልጊዜ ይገርማቸዋል። አንድ ቀን መጥረጊያ ይዘው ከኋላዬ ሲያልፉ ስክሪኑ ላይ የወደቁትን ወታደሮቼን አዩ።

"እነዚህን ማነው የሚያነሳቸው?" አሉ።

"ማንም አያነሳቸውም ማዘር። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ይጠፋሉ።"

"እድር የላቸውም?"

የላቸውም አልኳቸው። ማዘር ከንፈራቸውን መጠጡና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ከኔ ጋር ሁልጊዜ ባንድ ወገን የሚሰለፈው ንጉሥ በእውነተኛው ዓለምም ጎረቤቴ ነው። ባንድ ግቢ ነው ያደግነው። የነሱን ቤትና የኛን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ብርድ እንጂ ወሬ አያግድም። እነሱ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኛ የልደታን ደጅ የምንስም ክርስቲያኖች። በዓል ሲመጣ ሥጋው ለየብቻ፣ ሌላው ሁሉ አንድ ላይ ነበር። እሱ ቀን ቀን መርካቶ በአባቱ የጨርቅ ሱቅ ይውላል፤ ሲመለስ መንገድ ላይ እንገናኝና ወደ ጌም ቤቱ እንወርዳለን። በጨዋታው የሱ ከተማ ከወንዙ ማዶ ነው፣ የኔ ወዲህ፤ ድልድዩን አብረን ነው የሠራነው። በድልድዩ በኩል ጠላት ይመጣል ብዬ ግንብ ሠርቼ አላውቅም። ማን በገዛ ወንድሙ በኩል ግንብ ይሠራል?

ያ ቅዳሜ ከሰዓት ትልቅ ጦርነት ላይ ነበርን። ጠላታችን አንድ የአብነት ታክሲ ረዳት ነው፤ ሥራው ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ በጨዋታም ወታደሩን አጨናንቆ ጭኖ ነው የሚመጣው። መሀል ላይ የእድራችን ጥሩምባ ተሰማ። የግቢያችን አዛውንት ጎረቤት አርፈዋል። በእድራችን ደንብ ከየቤቱ አንድ ጎረምሳ ወጥቶ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። ከኛ ቤት ጎረምሳው እኔ ነኝ፣ ከነሱ ቤት ጓደኛዬ። ጨዋታውን ሴቭ አድርገን እንዳንሄድ ደግሞ እነዚያ ኮምፒውተሮች ያስቀመጡትን መልሶ የመስጠት ልማድ የላቸውም።

"አንተ ሂድ" አለኝ። "የኔንም ተራ ሥራልኝ። እኔ ያንተን ከተማ እጠብቃለሁ።"

ተገቢ ስምምነት መሰለኝና ሄድኩ። ድንኳን ተከልኩ፤ የራሴን አግዳሚ ከእድሩ ዕቃ ቤት ተሸክሜ አደረስኩ፤ ተመልሼ ደግሞ የሱን ተሸከምኩ። የእድራችንን አግዳሚ የሠራው አናጺ ተሸካሚውንም ከሟቹ ጋር አብሮ ለመቅበር ያሰበ ይመስለኛል። ጓደኛህስ ብለው ሲጠይቁኝ ትንሽ አሞት ነው ብዬ ዋሸሁለት። ትከሻዬ ላይ አቧራው እንዳለ ወደ ዙፋኔ ተመለስኩ።

ከተማዬ የለችም። ገበያው፣ ጋጣው፣ የእህል ጎተራው ሁሉ ይጨሳል። መጀመሪያ ያፈጠጥኩት ረዳቱ ላይ ነው። ረዳቱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ "እኔ የለሁበትም፣ እኔ ራሴ ደንግጬ ነው የቆምኩት" አለ። ግንቤ ላይ የሚውለበለበው የጓደኛዬ ባንዲራ ነበር። የመጣውም በድልድዩ በኩል ነው።

"ጀለሴ፣ ጨዋታ ነው እኮ" አለኝ እየሳቀ። "ሜዳው ባዶ ነው፣ ወርቁ ተቆልሏል። አንተ ብትሆን አትገባም ነበር?"

ጨዋታ ነው ለሚል ሰው መልስ የለም። ጨዋታ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የተሸከምኩት አግዳሚ ግን እውነተኛ እንጨት ነበር። ይህን ሳልነግረው ወጥቼ ሄድኩ፣ ከዚያም አኮረፍኩ።

ማኩረፍ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ነው የሚመቸው። እኛ ያለን አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ለሽንት ቤቱም አንድ ቁልፍ ነው። ሁለት የተጣሉ ነገሥታት ጠዋት ጠዋት የጥርስ ብሩሽ አፋቸው ውስጥ ከትተው ቧንቧው ላይ እንዳልተያዩ ሲሆኑ አስቡት። ቁልፉን ከእጁ ላለመቀበል ምስማሩ ላይ እስኪሰቅለው ድረስ ጀርባዬን ሰጥቼ እጠብቃለሁ፤ ሲያጣድፈኝም እጠብቃለሁ። በአረፋ ሁልጊዜ ሳህኑን ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር። የዚያን ዓመት እናቱ አመጡት። ብስኩቱ እንደ ወትሮው ጣፋጭ ነበር፤ እየተቆጣሁ ጨረስኩት።

እናቴ ምን ሆናችሁ ብላ ያዘችኝ።

"ከተማዬን አቃጠለብኝ።"

"የቱን ከተማ?"

"ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን።"

ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ አስቀመጠችና አየችኝ። "ይሄን አልነገርከኝም፣ እኔም አልሰማሁም" አለች።

ችግሩ ይኸው ነበር። በኛ ሠፈር ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይገባል፣ አከራይና ተከራይ ሲጣሉ ይገባል፤ በልብስ ማስጫ ገመድ በተጣሉ ሁለት ሴቶች መካከልም ገብቶ ያውቃል። ለኛ ጠብ ግን ማን ይምጣ? የትኛው የተከበረ ሰው ነው ጋቢውን ደርቦ ስለተቃጠለ ሥዕል ሊያስታርቅ የሚወጣው? ጓደኛዬ ይቅርታ እንዳይጠይቅ ጨዋታ ነው ብሏል። እኔም እንዳልተወው አግዳሚውን ተሸክሜያለሁ።

በዚህ መሀል ሠፈሩ ለልማት ሊነሳ ነው ተባለ። የየቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። የምንሄድበት ሲታወቅ ለነሱ ጀሞ፣ ለኛ ጎሮ ደረሰን። ከጎሮ ጀሞ ለመድረስ የሚለዋወጠውን ታክሲ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ በዚያ መንገድ ሰው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ይሄዳል እንጂ ኩርፊያ ለመጨረስ አይሄድም። ሳንታረቅ ከተበተንን በቃ፣ ያ ነው መጨረሻችን። ይህን እያወቅሁ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ጀርባዬን ሰጥቼ መቆሜን ቀጠልኩ። ናፍቆኝ ነበር። በግድግዳው ማዶ ሲያስል እየሰማሁት ይናፍቀኝ ነበር።

የአዲሱ ጨዋታ ወሬ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ያመጣውም ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ደንበኛችን ነው፤ እንግሊዝኛ አንባቢያችን እሱ ነበር። የጨዋታው ሠሪዎች ቀጣዩን እየሠሩ መሆናቸውን፣ ተጫዋቾችም ቢኖረው የሚወዱትን ድረ ገጻቸው ላይ እንዲጽፉ መጋበዛቸውን አንብቦ መጣ። ኢንተርኔት ባላት አንዲት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠና ለባለጉዳይ እንደሚያደርገው አንገቱን ወደኛ አዞረ።

"አቤቱታችሁን አሰሙ" አለ።

መጀመሪያ የተናገረው ረዳቱ ነው። ወታደሮቹ የከተማ በር ላይ ሲደርሱ ሁሉም ባንዴ ልግባ ይሉና ይጣበቃሉ፤ ጠላት መጥቶ እንደተጣበቁ ይጨርሳቸዋል። "ተራ አስከባሪ ይመደብልን" አለ። "አንድ ተራ አስከባሪ ቢኖረኝ እስካሁን አውሮፓን ይዤ ነበር።" ጸሐፊው መዘገበለትና የራሱን ጨመረ። እሱ የሚፈልገው ዳኛ ነው። ጠላት በሩን ሊሰብር ሲል ዳኛው ይወጣና ጉዳዩ ለጥቅምት ተቀጥሯል ይላል፤ ሁሉም መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማዘር ደግሞ መብራት ሲጠፋ የት ላይ እንደቆመ የሚያስታውስ ጨዋታ እንዲሆን ጠየቁ፤ ለኛ አዝነው አይደለም፣ ጩኸቱ ሰልችቷቸው ነው። ለሞቱትም እድር ይቋቋምላቸው ብለው አስጨመሩ።

ጓደኛዬ ከወዲያ ጥግ ፊቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነውና ስለ ገበያው አማረረ። "ዋጋው ተቆርጦ ነው የሚቀርብልህ። ቀንስ አትልም፣ ጥለህ ልትሄድ ስትል ሻጩ ተመለስ ብሎ አይጠራህም። ይሄ ምኑ ገበያ ነው? ክርክር ይግባበት።" ሁላችንም እውነቱን ነው አልን። እኔም ልል ነበር፣ ማኩረፌ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ተራው የኔ ሆነ። በዚያ ጨዋታ ከሌላው ንጉሥ ጋር ያለህ ነገር በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ወዳጅ፣ ገለልተኛ፣ ጠላት። አንዱን ትጫናለህ፣ አለቀ። በኛ ሠፈር ከወዳጅነት ጠላትነት ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። መጀመሪያ ትቀየማለህ፣ ከዚያ ፊትህን ታጠቁራለህ፣ ከዚያ ሰላምታህ ያጥራል፣ ከዚያ ታኮርፋለህ፤ በየመሀሉ ደግሞ ምን ሆነሃል ብሎ የሚይዝህ ሰው አለ። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ዘሎ ነው በድልድዩ የመጣው።

"እኔ ሽማግሌ እፈልጋለሁ" አልኩ።

ጸሐፊው ጣቱን አነሳ። "ሽማግሌው ምን ያደርጋል? ይዋጋል?"

"አይዋጋም። ወዳጅ የወዳጁን ከተማ ሲያቃጥል ሽማግሌዎች ይላካሉ። ሄደው በር ላይ ይቆማሉ። ተቀመጡ ቢባሉም እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም።"

ስለ ማን እያወራሁ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

"ማዘር" አለ ጓደኛዬ ዞር ሳይል፣ "ለሰውዬው ይንገሩልኝ። ሽማግሌ የሚልከው ማነው? የተቃጠለበት ነው ወይስ ያቃጠለው?"

"ያቃጠለው ነው ይበሉልኝ ማዘር።"

"ያቃጠለው ቢያፍርስ? ለእንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ላከ ተብሎ ቢሳቅበትስ?"

"ቀድሞ የሳቀው እሱ ነበር ይበሉልኝ።"

"እኔ ስልክ ነኝ እንዴ?" አሉ ማዘር። ግን አልሄዱም፤ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ጸሐፊው ጠቡን ለኛ ትቶ አሠራሩን ይጠይቅ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ስንት ይሁኑ? ሦስት አልኩ። ቢመልሷቸውስ? ይሄዱና ተመልሰው ይመጣሉ። አሁንም ቢመልሷቸው?

"ሦስተኛው ላይ እምቢ አይባልም፣ ነውር ነው" አለ ጓደኛዬ ከጥጉ፣ ለማዘር ሳይሆን ለአየሩ። ከተጣላን ወዲህ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ደፈርኩና ቀጠልኩ። "የበደለው ንጉሥ ደግሞ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል።"

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ጓደኛዬ ያውቃል። አባቱ ናቸው የነገሩን። በአገራቸው በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተበዳይ ፊት ይቆማል፤ ይቅር ያለው ሰውም ድንጋዩን ያወርድለታል። ልጆች ሆነን እነሱ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነው የሰማነው፣ ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን።

ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ ጸሐፊው። "በዚህ ጨዋታ ድንጋይ የሚሸከም ገበሬ ነው። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም አይተህ ታውቃለህ?"

"ለዚህ ነዋ የማይታረቁት" አልኩ እኔም ለጸሐፊው።

ጸሐፊው ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጻፈው። ልማድ ሆኖበትም መጨረሻው ላይ ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋገጠልን። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ የማናውቀው ፈረንጅ መለሰ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ የሽማግሌው ነገር ግን ጨዋታውን ያዘገየዋል ይላል። በዚህ መልስ ስናደድ ከረምኩ። ማዘግየቱ ነው እኮ የተፈለገው። ሦስት ሰው በር ላይ ቆሞ አልቀመጥም ሲል ሌላ ምን እየሠራ ነው? አዲሱ ጨዋታ ኋላ ላይ ወጣ፣ ተጫወትኩትም። ግንቦቹ ያምራሉ፣ ውኃው እውነተኛ ይመስላል፣ ወታደሮቹ አሁንም በር ላይ ይጣበቃሉ። ሽማግሌ የለም።

ከግቢው ቀድመን የተነሳነው እኛ ነን። ጠዋት ቆርቆሮው ወረደ፣ በርና መስኮቱ ተነቀለ፤ የጋራው ግድግዳ ሲነካ ወደኛ በኩል ተደረመሰና የጓደኛዬ አልጋ ያለበት ጥግ ለፀሐይ ተሰጣ። ጌም ቤቱ ከሳምንት በፊት ፈርሷል። እናቴ ብፌዋን እንዳይቧጭሩባት ከጭነት መኪናው ሾፌር ጋር ትጨቃጨቃለች። ጓደኛዬ ግን የለም። እንዳላየሁት ለመሆን እንኳ መጀመሪያ መታየት ነበረበት። ከፋኝ፣ ተናደድኩም፤ ፍራሹን ሳስር ገመዱን ከሚገባው በላይ አጠበቅሁት።

የመጨረሻው ዕቃ ሲጫን ከፍርስራሹ ጀርባ ሰዎች ብቅ አሉ። ከፊት የጓደኛዬ አባት በከዘራቸው፣ ከጎናቸው ማዘር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀጥሎ ጸሐፊው ከረባት አስሮ። ከኋላቸው ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቷል፤ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሟል። ከቤታችን መሠረት የወጣ ድንጋይ ነው፣ ጭቃው ገና አልረገፈለትም።

መጥተው ፊቴ ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አለች እናቴ፣ መቀመጫው ሁሉ መኪናው ላይ መሆኑን ረስታ።

"አንቀመጥም" አሉ አባቱ። "ልጄ በድሏል። ምን እንደበደለ ደጋግሞ አስረድቶኝ አልገባኝም። ግን በድያለሁ ብሎኛል፣ ሽማግሌ ሁኑኝ ብሎኛል። ይቅር በለው።"

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። "አባባ፣ ይሄ የመጀመሪያው ነው" አልኩ። "ይመለሱ። እንደዚያ ነው የተስማማነው።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። አባቱ ግን አልተቆጡም፤ "እሺ፣ ሥርዓት ነው" ብለው ከዘራቸውን አዞሩና ሄዱ። ማዘር እያጉረመረሙ፣ ጸሐፊው ከረባቱን እያስተካከለ ተከተሏቸው። እስከ ቧንቧው ደርሰው ዞሩ። ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ መሀል ድንጋዩን አላወረደም። ሲመለሱ ትከሻው ላይ አቧራው ታየኝ፤ አግዳሚውን ያወረድኩ ዕለት ትከሻዬ እንዴት እንደነበር ትዝ አለኝ። ሁለተኛም ልመልሳቸው አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ሄጄ ድንጋዩን በአንድ ጎኑ ያዝኩለትና አብረን መሬት አወረድነው።

"ይቅር ብያለሁ" አልኩት።

"ከባድ ነው" አለ ትከሻውን እያሸ።

"አግዳሚውም ከባድ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለኝ፣ በማዘር በኩል ሳይሆን ለራሴ።

እናቴ ታለቅሳለች፣ ማዘር አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። አባቱ ግን አልጨረሱም። ሰው ካስታረቁ በኋላ ጉዳቱን በዓይን አይቶ ካሳ መቁረጥ የሽማግሌ ሥራ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ዙሪያውን ቃኙ፤ የወረደውን ቆርቆሮ፣ የተደረመሰውን ግድግዳ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ፍርስራሽ የሆነውን ሠፈር።

"በሉ አሁን አሳዩኝ" አሉ። "ጠፋ የተባለው ከተማ የቱ ነው?"

ጓደኛዬ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን።

"እዚህ አይደለም አባባ" አላቸው።